የተከዜ ግድብ ለምን እንዲህ ቀጠነ? ህዳሴውስ ለምን ቅስት አልሆነም?

የአራት ኪሎው ልጅ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ሲቪል የተማረ ወይም ግድብ ላይ የሰራ ሰው ካለ እባካችሁ አንድ ነገር አስረዱኝ። መስሪያ ቤቴ አራት ኪሎ አካባቢ ነው፣ ምሳ ሰዓት ላይ የምንሰበሰብበት ካፌ ውስጥ ህዳሴው ከተመረቀ ወዲህ ወሬው ሁሉ ግድብ ሆኗል። ሰሞኑን አንዱ ጓደኛችን የተከዜን ግድብ ከላይ የተነሳ ፎቶ ስልኩ ላይ አሳየንና እውነቴን ነው የምላችሁ ደነገጥኩ፣ ያ ሁሉ ውሃ ከኋላው ተኝቶ ግድቡ ግን ስስ ነው፣ ደግሞ ቀጥ ያለ አይደለም ወደ ውሃው በኩል ጎብጧል። ህዳሴው ግን ከታች በጣም ሰፊ ሆኖ ወደ ላይ እየጠበበ የሚሄድ ቀጥ ያለ ግንብ ነው። አንዱ "ተከዜ ሲሰራ ብር ስላልነበረ አርማታ ቆጥበው ነው" አለ፣ ሌላው "ጉብጠቱ ለውበት ነው" አለ፣ ሁለቱም አልተዋጠልኝም። ሌላ ደግሞ የከነከነኝ ነገር ከፍታው ነው። ተከዜ 188 ሜትር ህዳሴው 145 ሜትር ነው ይላሉ፣ ታዲያ በቁመት የሚበልጠው ተከዜ 300 ሜጋዋት ብቻ ህዳሴው 5,150 እንዴት ሊሆን ቻለ? እና በቅንነት ልጠይቅ፣ ያ ቀጭን ግድብ ያ ሁሉ ሀይቅ እየገፋው ለዘመናት ይቆማል ወይ? የምታውቁ ሰዎች በሚገባኝ ቋንቋ ብታስረዱኝ ነገ ምሳ ላይ ለሁሉም አነብላቸዋለሁ።

ሲቪል ከአምስት ኪሎ፦

ሰላም ወንድሜ፣ ጥያቄህ በጣም ደስ ይላል፣ ከመጨረሻው ልጀምርልህ ምክንያቱም እሱ ካልተስተካከለ ሌላው አይገባም። ግድብን የሚገፋው ከኋላው ያለው የውሃ ብዛት አይደለም፣ ጥልቀቱ ነው። ሀይቁ ወደ ኋላ 1 ኪሎ ሜትር ቢዘልቅም 50 ኪሎ ሜትር ቢዘልቅም ግድቡ ጋ ያለው ጥልቀት እኩል ከሆነ ግፊቱ ያው ነው። ይሄን ብዙ ሰው ማመን ያቅተዋል ግን ፊዚክሱ እንደዛ ነው። 10 ሜትር ጥልቀት ላይ እያንዳንዱ ካሬ ሜትር ላይ 10 ቶን ያህል ያርፋል፣ 100 ሜትር ላይ 100 ቶን ያህል፣ ተከዜ ሲሞላ እግሩ አካባቢ ደግሞ ከዛም በጣም ይበልጣል። ለዚህ ነው የትኛውም ግድብ ከታች ወፍሮ ከላይ የሚቀጥነው፣ ተከዜም ራሱ ከላይ ሲታይ ነው እንጂ ስሩ ጋ በደንብ ወፍራም ነው።

አሁን ያንን ግፊት ምን ይመልሰዋል የሚለው ነው ጥያቄው። ሁለት ዋና መንገድ አለ። አንደኛው በክብደት መመለስ ነው፣ ግራቪቲ ዳም የሚባለው። ግንቡ በጣም ከባድ ስለሆነ ውሃው ሊያንሸራትተውም ሊገለብጠውም አይችልም። ህዳሴው እንደዛ ነው፣ ከ10 ሚሊዮን ሜትር ኩብ በላይ አርማታ የገባበት ለዛ ነው። ሁለተኛው በቅርፅ መመለስ ነው፣ አርች ዳም ወይም ቅስት ግድብ። ጠባብ ኮሪደር ውስጥ ቆመህ ሁለት እጅህን ዘርግተህ ግራና ቀኝ ያለውን ግድግዳ ስትገፋ አስበው፣ ከፊት ለፊትህ አንድ ሰው ደረትህን ቢገፋህ ኃይሉ በክንድህ አልፎ ግድግዳው ላይ ነው የሚያርፈው። ቅስቱ የሚሰራው ይሄንን ነው። ጉብጠቱ ወደ ውሃው ስለሆነ ውሃው በገፋው ቁጥር አርማታው እርስ በርሱ እየተጨመቀ ይጠብቃል፣ ጭነቱም በግራና በቀኝ ወዳለው ተራራ ይሄዳል። አርማታ ደግሞ ሲጨመቅ በጣም ጠንካራ ነው ሲሳብ ግን ደካማ ነው፣ ስለዚህ ጠንካራ በሆነበት በኩል ብቻ እንዲሰራ አድርገኸዋል ማለት ነው። ለዚህ ነው የሚቀጥነው። ተከዜ ደግሞ ጉብጠቱ ከግራ ወደ ቀኝ ብቻ ሳይሆን ከላይ ወደ ታችም ስለሆነ ደብል ከርቫቸር ይባላል፣ ከጎኑ ብታየው መስመሩ ቀጥ ብሎ አይወርድም።

ስለዚህ ለጓደኞችህ ንገራቸው፣ ጉብጠቱ ለውበት አይደለም፣ ግድቡን የሚያቆመው እሱ ነው። አርማታ መቆጠቡ እውነት ነው ግን ድህነት አይደለም፣ ሀብታም ሀገሮችም የሚመርጡት ነው፣ በዓለም ረጅሙ ቅስት ግድብ ቻይና ያለው ጂንፒንግ 1 የሚባለው ነው 305 ሜትር። ተከዜ ህዳር 2002 ዓ.ም ሲመረቅ ሌሶቶ ያለውን የካትሴን ግድብ በ3 ሜትር በልጦ በአፍሪካ ረጅሙ ግድብ ነበር፣ ከቅስቶቹ መሀል አሁንም እሱ ነው ረጅሙ። በበኩሌ ስለ ተከዜ በጣም ትንሽ ነው የሚወራው እላለሁ፣ በዚህ ሀገር ከተሰሩት ስራዎች ሁሉ እንደሱ ልብ የሚነካኝ የለም።

ህዳሴውን ለምን ቅስት አላደረጉትም ላልከው ሸለቆውን እይ። ተከዜ የተሰራበት ገደል ጠባብና ጥልቅ ነው፣ የግድቡ አናት ርዝመት 420 ሜትር ነው፣ ለቁመቱ ብታካፍለው ከ2 ትንሽ ይበልጣል። ህዳሴው 1,780 ሜትር ነው፣ ለ145 ስታካፍለው 12 ይደርሳል። በዛ ስፋት ላይ ቅስት ብትሰራ ጭነቱን ወደ ዳር ከማድረሱ በፊት ስራውን ሁሉ የሚሰራው ክብደቱ ይሆናል፣ ትርጉም የለውም። ቅስት የሚያዋጣው ርዝመቱ የቁመቱን 5 እና 6 እጥፍ አካባቢ እስኪሆን ነው፣ ከዛ በላይ ከሆነ ግራቪቲ ወይም የድንጋይ ሙሌት ግድብ ይመረጣል።

ቦሌ መንገድ፦

@ሲቪል ከአምስት ኪሎ ጥሩ ነው ያብራራኸው ግን አንድ ነገር አልገጠመልኝም። ጊቤ 3ም እኮ ጠባብ ገደል ውስጥ ነው፣ 243 ሜትር ቁመት አለው ርዝመቱም 600 ሜትር ገደማ ነው፣ ባልከው ሂሳብ ቅስት መሆን ነበረበት። ግን ግራቪቲ ነው። ታዲያ ሸለቆው ነው የሚወስነው ማለት እንዴት ይቻላል?

ሲቪል ከአምስት ኪሎ፦

ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ሸለቆው በሩን ይከፍታል እንጂ ብቻውን አይወስንም። ጊቤ 3 አርሲሲ በሚባለው ዘዴ ነው የተሰራው፣ ማለት ደረቅ ያለ አርማታ በገልባጭ መኪና አምጥተው በስሱ ያነጥፉና በሮለር ይጠቀጥቁታል፣ መንገድ ሲሰራ የምናየው ማሽን ነው። ህዳሴውም በዛው ዘዴ ነው። ጥቅሙ ፍጥነቱ ነው፣ ቀንና ሌሊት እየደረበ ይሄዳል፣ ብዙ ፎርምወርክ፣ ማለት አርማታው እስኪደርቅ ቅርፁን የሚይዝለት ማቀፊያ፣ አይፈልግም። ቅስት ግን ሌላ ዓለም ነው። ግድቡ ጎን ለጎን በቆሙ ብሎኮች ተከፋፍሎ ነው የሚሞላው፣ እያንዳንዱ ብሎክ ፎርሙ የተጠማዘዘ ነው። ከዛ ሲሚንቶው ሲጠነክር ይግላል፣ ያ ሙቀት በራሱ ቢወጣ ዓመታት ይፈጅበታል፣ ስለዚህ አርማታው ውስጥ ቱቦ ቀብረህ ቀዝቃዛ ውሃ ታዞርበታለህ። አሜሪካ ያለው ሁቨር ግድብ በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ ይሄንን በትልቁ አድርጎ ነው የታወቀው። ሲቀዘቅዝ ይሸማቀቅና ብሎኮቹ መሀል ክፍተት ይፈጠራል፣ ያንን ክፍተት በግፊት ቀጭን የሲሚንቶ ውሃ ትሞላዋለህ፣ ግራውት ይባላል፣ ከዛ በኋላ ነው ግድቡ አንድ አካል ሆኖ እንደ ቅስት መስራት የሚጀምረው። ይሄ ሁሉ ጥንቃቄና የሰለጠነ እጅ ይጠይቃል። ተቋራጩ ያለው ማሽን፣ ጊዜው፣ ጎርፉን የምታሳልፍበት መንገድ፣ ከሁሉም በላይ ዳርና ዳሩ ላይ ያለው ድንጋይ፣ ሁሉም ይገባበታል። የጊቤ 3 ዲዛይን ራሱ መጀመሪያ በድንጋይ ሙሌት የታሰበ ነበር በኋላ ነው ወደ አርሲሲ የተቀየረው።

ጂኦሎጂስቷ፦

ወንድሞቼ ስለ ድንጋዩ በአንድ ቃል ብቻ አለፋችሁት እና ዝም ማለት አልቻልኩም ይቅርታ አድርጉልኝ፣ ምክንያቱም የቅስት ግድብ ጉዳይ ከሞላ ጎደል የድንጋዩ ጉዳይ ነው። ሲቪሉ እንዳለው ጭነቱ የሚሄደው ወደ ግራና ቀኝ ተራራ ነው። ታዲያ ተራራው ካልያዘው ግድቡ ምንም ጥሩ አርማታ ቢሆን ዋጋ የለውም።

ይሄ የግምት ወሬ አይደለም። ፈረንሳይ ውስጥ ማልፓሴ የሚባል በጣም ቀጭን ቅስት ግድብ ነበር፣ 66 ሜትር ገደማ። ታህሳስ 2 ቀን 1959 እ.ኤ.አ ማታ ላይ ከባድ ዝናብ ከዘነበ በኋላ ሀይቁ ለመጀመሪያ ጊዜ ሞልቶ ሳለ ተነቅሎ ሄደ፣ ከ420 ሰው በላይ ሞተ። ሲመረመር አርማታው አይደለም የተበላሸው። በግራ በኩል ያለው አለት ውስጥ ያልታየ ስንጥቅና የተዳከመ ንብርብር ነበር፣ ውሃው እሱ ውስጥ ሰርጎ ከስር እየገፋ ድንጋዩን አንቀሳቀሰው፣ ቅስቱ የሚደገፍበት ትከሻ ሲሄድ ግድቡ አብሮ ሄደ። ከዛ ወዲህ ነው በመላው ዓለም የአለት ምርመራና ከስር የሚሰርገውን ውሃ ማፍሰሻ ጉድጓድ በጣም የተጠናከረው። ብዙ የኛ ሙያ ትምህርት በነዛ ሰዎች ሞት ነው የተከፈለው ብል አላጋነንኩም።

ሁለተኛው ጣሊያን ውስጥ ነው፣ ቫዮንት። 262 ሜትር ቅስት ግድብ። ጥቅምት 9 ቀን 1963 እ.ኤ.አ ከሀይቁ ዳር ያለ ተራራ አንድ ጎኑ ሙሉ ተንሸራቶ ውሃው ውስጥ ገባ፣ ከ260 ሚሊዮን ሜትር ኩብ በላይ አፈርና ድንጋይ፣ ውሃው በግድቡ አናት ላይ ዘሎ ከታች ያሉትን መንደሮች ጠረጋቸው፣ 2,000 ገደማ ሰው አለቀ። ግድቡ ግን አልፈረሰም፣ እስከ ዛሬ ቆሞ ነው ያለው። ቅስት በትክክል ከተሰራ ምን ያህል ጠንካራ እንደሆነ ያሳያል፣ ግን ግድቡ መቆሙ ብቻ ሰው አያድንም፣ የሀይቁ ዳርቻ በሙሉ መጠናት አለበት። ለዚህ ነው ሰው ግድቡን ብቻ ፎቶ አንስቶ ሲለጥፍ የምናደደው፣ ዳርና ዳሩን አንሱልን።

ተከዜም ላይ እኮ በ2008 እ.ኤ.አ፣ ግንባታው ሳይጠናቀቅ፣ ትልቅ የመሬት መንሸራተት ደርሶ ነበር። የገደሉን ጎን የሚይዙ ግዙፍ መደገፊያ ግንቦች ተጨምረው ተሰሩ፣ ወጪውም በዛው ልክ ጨመረ። ይሄንን ሰው እንደ ጉድለት ሲያወራው እሰማለሁ፣ እኔ ግን በተቃራኒው ነው የማየው፣ ተራራው የተናገረውን ሰምተው ገንዘቡን እዛ ላይ ማውጣታቸው ትክክል ነው። ቅስት ግድብ ላይ ለተራራው የሚወጣ ብር ለግድቡ የወጣ ብር ነው።

የአራት ኪሎው ልጅ፦

እግዚአብሔር ይስጣችሁ፣ እንዲህ ዓይነት መልስ አልጠበኩም። @ጂኦሎጂስቷ እህቴ አንድ ልጨምር፣ ባለፈው በ2017 ዓ.ም ታህሳስና ጥር ላይ ከፈንታሌ አካባቢ የመጣው መንቀጥቀጥ እዚህ ፎቅ ላይ ያለነውን ሁሉ ሲያወዛውዘን ነበር፣ ሌሊት ልጆች ይዘን ደረጃ ስንወርድ የነበረውን አልረሳውም። ያኔ የከሰም ግድብ ጉዳይም ሲነሳ ሰምቻለሁ። እና መንቀጥቀጥ ለቅስት ግድብ እንዴት ነው? ቀጭን ስለሆነ አይሰነጠቅም ወይ?

ጂኦሎጂስቷ፦

ከሰም ቅስት አይደለም፣ የአፈርና የድንጋይ ሙሌት ግድብ ነው፣ ባህሪው ሌላ ስለሆነ አታቀላቅለው። ያለበት ቦታም ስምጥ ሸለቆው ውስጥ ነው፣ ለዛ ነው ያን ያህል የተፈራው። ተከዜ ከስምጥ ሸለቆው በስተ ምዕራብ ደጋው ውስጥ ነው ያለው። በጥቅሉ ግን ቅስት ግድቦች በመንቀጥቀጥ ጥሩ ታሪክ ነው ያላቸው፣ ዲዛይን ሲደረጉም ለዛ ተሰልተው ነው።

ሌላ ማወቅ ያለብህ ነገር ትልቅ ሀይቅ ራሱ መንቀጥቀጥ ሊቀሰቅስ እንደሚችል ነው። ውሃው ከብዶ ሲጫንና ወደ አለቱ ስንጥቅ ሲሰርግ ድሮም ተወጥሮ የነበረ ስብራት ይለቃል። ዛምቤዚ ላይ ያለው ካሪባ፣ እሱም ቅስት ነው 128 ሜትር፣ ሀይቁ በ1963 እ.ኤ.አ ሲሞላ ከ6 በላይ የሆነ መንቀጥቀጥ ተመዝግቦ ነበር። ግድቡ ዛሬም እያመነጨ ነው። ካትሴም ሲሞላ አነስ ያሉ መንቀጥቀጦች ነበሩ። ስለዚህ ሀይቅ ሲሞላ ቀስ ተብሎ፣ መሳሪያ ተተክሎ፣ እየተለካ ነው መሞላት ያለበት።

የቀድሞ ቴክኒሺያን፦

ልጆቼ ሰላም ዋሉ። እኔ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ፣ ማመንጫ ጣቢያ ነው ያረጀሁት፣ ቤቴ ፒያሳ ነበር አሁን ግን ከከተማ ወጣ ብያለሁ። ስለ ሜጋዋቱ ማንም አልመለሰለትም እና እኔ ልሞክር።

ኃይል የሚገኘው ከሁለት ነገር ነው፣ ውሃው ከምን ያህል ከፍታ ይወርዳል እና በሰከንድ ስንት ሜትር ኩብ ይወርዳል። አንዱ ብቻ ቢበዛ ዋጋ የለውም። 1 ሜትር ኩብ ውሃ በየሰከንዱ 100 ሜትር ሲወርድ ብክነቱን ቀንሰህ 0.9 ሜጋዋት ገደማ ይሰጥሃል። ይህንን ይዘህ ማንኛውንም ግድብ በወረቀት ላይ ማስላት ትችላለህ። ለምሳሌ 150 ሜትር ከፍታ ይዘህ 300 ሜጋዋት ልታወጣ ብትፈልግ በሰከንድ ከ220 ሜትር ኩብ በላይ ተርባይኑ ውስጥ ማለፍ አለበት። ዓባይ በውሃ መጠን ከተከዜ ጋር የሚወዳደር አይደለም፣ ስለዚህ ህዳሴው ቁመቱ ቢያንስም ውሃው ብዙ ስለሆነ 13 ትላልቅ ተርባይኖች ይሸከማል። ተከዜ 4 ተርባይን ነው ያለው እያንዳንዱ 75 ሜጋዋት፣ ማመንጫውም ከመሬት በታች ነው፣ ከዛ 230 ኪሎ ቮልት መስመር 105 ኪሎ ሜትር ተጉዞ መቀሌ ይገባል፣ መቀሌ ላይ ከብሔራዊ መረቡ ጋር ይገናኛል። እናንተ አራት ኪሎ ቁጭ ብላችሁ ቡና ስታስፈሉ የተከዜም የጊቤም የቆቃም ኃይል ተቀላቅሎ ነው የሚመጣው፣ ይሄ የዚያ ግድብ መብራት ነው ብሎ መለየት አይቻልም።

300 ሜጋዋት ደግሞ ትንሽ አትበሉት እባካችሁ። እኔ ስራ ስጀምር ትልቁ ወሬ ቆቃ ነበር፣ በ1952 ዓ.ም ከጣሊያን የጦር ካሳ በተገኘ ገንዘብ የተሰራ፣ 43 ሜጋዋት። ከሱ በፊት ደግሞ እዚሁ አቃቂ ወንዝ ላይ አባ ሳሙኤል ነበር፣ 6 ሜጋዋት ገደማ፣ አዲስ አበባ በሱ ነበር የምትበራው። ተከዜ ሲገባ በአንድ ጊዜ የቆቃን 7 እጥፍ ነው ያመጣው፣ በዛን ሰሞን ከተማው በፈረቃ መብራት ይሰቃይ ስለነበር ያንን ያየ ሰው ዋጋውን ያውቀዋል። መብራት በጠፋ ቁጥር ግድቡ ደረቀ የምትሉትም ሁልጊዜ እውነት አይደለም፣ ብዙውን ጊዜ ችግሩ ሰፈር ያለው ትራንስፎርመር ወይም ማከፋፈያ መስመሩ ነው፣ ግድቡ ሞልቶም ሊጠፋ ይችላል።

ሲቪል ከአምስት ኪሎ፦

@የቀድሞ ቴክኒሺያን ጋሼ እግዜር ያክብርልን፣ እንዲህ አሳጥሮ ያስረዳኝ መምህር አልነበረኝም። እርስዎ በሰሩበት ዘመን ቆቃ ላይ ደለሉ እንዴት ነበር?

የቀድሞ ቴክኒሺያን፦

ደለል የቆቃ ዋና በሽታ ነው ልጄ። አዋሽ ክረምት ላይ ቀይ ሆኖ ነው የሚመጣው፣ ሀይቁ ውስጥ ሲገባ ይረጋና አፈሩን ያራግፋል፣ በየዓመቱ ውሃ የሚይዘው ቦታ ይጠባል። ተርባይን ላይም አሸዋ ሲያልፍ ብረቱን ይሞርደዋል። ግድብ ሲሰራ ከታች ለደለል ተብሎ የሚተው ቦታ አለ፣ እሱ ከሞላ በኋላ ግን ከጥቅሙ ላይ መብላት ይጀምራል። ተከዜም ከላስታ ተነስቶ በሰሜን ተራሮች ስር ነው የሚያልፈው፣ የተራቆተ መሬት ነው፣ ይሄን ቸል ማለት አይገባም። ከታች ሱዳን ውስጥ ተከዜ በሚገባበት በአትባራ ወንዝ ላይ በ1964 እ.ኤ.አ የተሰራው ኻሽም ኤል ጊርባ የሚባለው ግድብ በደለል ምክንያት የመያዝ አቅሙን ግማሽ ያህል አጥቷል። ግድቡን መጠበቅ ከፈለግን ላይ ቤት ያለውን ተራራ እርከንና ዛፍ ማልበስ ነው፣ ሌላ መድኃኒት የለውም።

የዋግ ልጅ፦

እኔ ከዋግ ነኝ፣ አሁን ካዛንቺስ አካባቢ ነው የምሰራው፣ ስለ ሀይቁ ማንም ስላላነሳ ነው የምፅፈው። እናንተ ግድቡን ነው የምታዩት እኛ ግን ሀይቁን ነው የምናውቀው። ተከዜ በጋ ላይ እኮ ቀጭን ወንዝ ነው፣ በእግር የሚሻገሩት ቦታ ብዙ ነው፣ ክረምት ሲገባ ግን ማንም የማይደፍረው ይሆናል፣ ውሃው ሁሉ ከሐምሌ እስከ መስከረም ባሉት ወራት ነው ጠቅልሎ የሚመጣው። ለዛ ነው 9 ቢሊዮን ሜትር ኩብ የሚይዝ ያን ያህል ትልቅ ሀይቅ ያስፈለገው፣ የሶስት ወሩን አስቀምጦ ዓመቱን ሙሉ ለማካፈል።

አሁን አሳ አለ፣ ቆሮሶ፣ አምባዛ፣ ሌላም። ድሮ አሳ በአካባቢው እንደ ምግብ ብዙም አይታሰብም ነበር፣ ዛሬ ወጣቶች ተደራጅተው መረብ ይጥላሉ፣ ሰቆጣ አሳ ይበላል፣ ለፆም እንኳን ስንት ቤተሰብ ነው የሚተዳደርበት። ችግሩ ግን ሀይቁ አይረጋም፣ ተርባይኑ ሲወስድ ግንቦት አካባቢ ዳርቻው በጣም ይሸሻል፣ ጭቃው ሰፊ ስለሚሆን ጀልባ ማውጣትና መረብ ማዘጋጀት ከባድ ነው፣ ከብትም ውሃ ሊጠጣ ገብቶ ይቀረቀራል። ሀይቁ ደግሞ የለመድናቸውን መሻገሪያዎች ውጧቸዋል፣ ወዲያ ማዶ ያለ ዘመድ ጋር ለመሄድ ወይ ጀልባ ወይ ረጅም ዙሪያ ነው። ስለ ግድብ ሲወራ ይሄም አብሮ ቢወራ ደስ ይለኛል፣ ወደፊት ሌላ ሲሰራ ከመጀመሪያው ድልድይና የአሳ ማቆያ ማቀዝቀዣ አብሮ ቢታቀድ ብዙ ሰው ይጠቀማል።

ጂኦሎጂስቷ፦

@የዋግ ልጅ ይሄ በጣም ጠቃሚ ነው። የሀይቁ ከፍታ መውጣትና መውረድ ለኛም ጉዳይ ነው፣ ውሃው ቶሎ ሲወርድ በውሃ የራሰ ዳገት ድጋፉን ስለሚያጣ የመንሸራተት እድሉ ያኔ ነው የሚጨምረው። የዳርቻው ሰው ሀይቁ ሲሸሽ አዲስ ስንጥቅ መሬት ላይ ካየ ለአካባቢው አስተዳደር ቢናገር በጣም ይረዳል፣ መሳሪያ ሁሉም ቦታ ላይ ሊኖር አይችልም።

የአራት ኪሎው ልጅ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ በተለይ ጋሼን። ዛሬ ምሳ ላይ አነበብኩላቸው፣ "ለውበት ነው" ያለው ልጅ ደግሞ አዲስ ጥያቄ አመጣ፣ ግድቡ ይንቀሳቀሳል ወይ አለኝ። ማለት ውሃ ሲሞላና ሲጎድል እንደቆመ ነው ወይስ ትንሽ ይሄዳል?

ሲቪል ከአምስት ኪሎ፦

ይንቀሳቀሳል፣ እንዲንቀሳቀስም ታስቦ ነው የተሰራው። ሀይቁ ሲሞላ መሀሉ ወደ ታችኛው ተፋሰስ በኩል ትንሽ ይሄዳል፣ ሲጎድል ይመለሳል። ሙቀትም ያንቀሳቅሰዋል፣ አርማታው ሲግል ይለጠጥና ወደ ውሃው በኩል ይገፋል፣ ሲቀዘቅዝ ይሸማቀቅና በተቃራኒው። ትላልቅ ቅስቶች ላይ ይሄ እንቅስቃሴ በሚሊ ሜትር አንዳንዴም በሴንቲ ሜትር ይለካል። ግድቡ ሆድ ውስጥ ሰው የሚሄድባቸው መተላለፊያዎች አሉ፣ እዛ ከላይ እስከ ታች የተንጠለጠለ ሽቦ ጫፉ ላይ ክብደት ታስሮበት አለ፣ ፔንዱለም ይባላል፣ ግድቡ ሲንቀሳቀስ ሽቦው ከግድግዳው ያለው ርቀት ስለሚቀየር ይለካል። ከስር የሚሰርገው ውሃም በየጊዜው ይለካል፣ በሰከንድ ስንት ሊትር እንደሆነ፣ ንፁህ ነው ወይስ አፈር ይዞ ነው የሚመጣው። መሃንዲስ የሚያስጨንቀው እንቅስቃሴው መኖሩ አይደለም፣ ካምናና ካቻምና በተመሳሳይ የውሃ ከፍታ ከነበረው ሲለይ ነው፣ ወይም ሀይቁ ጎድሎ ግድቡ ወደ ቦታው ሳይመለስ ሲቀር። ያንን መዝገብ ሳያቋርጡ የሚይዙት ሰዎች ናቸው ግድቡን በየቀኑ የሚያቆሙት፣ ለልጁ እንደዛ በለው። እና ፍላጎት ካለው አምስት ኪሎ ይምጣ፣ ቤተ መፃህፍቱ ውስጥ ስለ ቅስት ግድብ ጥሩ ጥሩ መፅሀፍ አለ፣ እኔ አሳየዋለሁ።